ኪሎ ሲጨምር፦ ኑሮውም ጌሙም እንዳይቀር

ከሦስት ዓመት በፊት እግሬ ተሰብሮ ስድስት ወር ቤት ዋልኩ። ደሴ፣ ከፒያሳ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ እናቴ ቤት። በእነዚያ ወራት ሥራዬ ሁለት ነበር። የቀረበልኝን መብላትና ጌም መጫወት። ከቤት ስወጣ 71 የነበረው ኪሎዬ 93 ሆኖ ነበር።

ዛሬ የሚቆጨኝ ኪሎው አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ነው። ያን ዓመት በመጠበቅ አሳለፍኩት። ስከሳ ልብስ እገዛለሁ፤ ስከሳ የጓደኛዬ ሰርግ ላይ እታያለሁ፤ ስከሳ ጌም ቤት እመለሳለሁ። ሰርጉ አለፈ። ጓደኞቼ መደወል ተዉ። ኪሎው ግን እዚያው ነበር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንደዚያ እየጠበቀ ላለ ሰው ነው። ሁለት ነገር አብሮ ይሄዳል። ዛሬ ላለው ሰውነት ቀኑን ማመቻቸት፣ ጤናንም ከዛሬ ጀምሮ መጠበቅ። አንዱ እስኪያልቅ ሌላው አይቆምም። አብሽሩ፣ ከባድ አይደለም። ቅደም ተከተል ብቻ ነው የሚፈልገው።

1. መጀመሪያ ልካችሁን እወቁ

መንገድ ዳር ሚዛን አስቀምጠው የሚመዝኑ ልጆች አሉ። ጥሩ አገልግሎት ነው። ግን ሚዛኑ የተቀመጠበትን መሬት እዩ። ኮብልስቶን ላይ ወይም ካርቶን ላይ የተቀመጠ ሚዛን ልክ አይናገርም። ሊሾ ወይም ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ ይሁን። አንዱን ልጅ ደንበኛ አድርጉና ሁልጊዜ በእሱ ሚዛን ተመዘኑ። በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበሉ። እኔ በየቀኑ ስመዘን ያተረፍኩት ጭንቀት ነው። የጠጣችሁት ውሃና የበላችሁት ጨው ብቻ ሚዛኑን አንድና ሁለት ኪሎ ያወዛውዘዋል።

ቀጥሎ ሒሳቡ። ኪሎውን በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ታካፍላላችሁ። የእኔ ቁመት 1 ሜትር ከ72 ነው። 1.72 በ1.72 ሲባዛ 2.96 ያህል ይመጣል። 93ን ለዚያ ሳካፍል 31.4 ሆነ። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት ይባላል። 30 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። ይህ ቁጥር ጡንቻንና ስብን አይለይም። ስለዚህ ብቻውን አትመኑት።

እኔ የምወደው የክሩን መንገድ ነው። ክር ውሰዱ። ከተረከዝ እስከ አናት በቁመታችሁ ልክ ቁረጡት። ለሁለት እጠፉት። የታጠፈውን ክር ከጎድን አጥንት በታች፣ ከዳሌ አጥንት በላይ፣ መሐል ላይ ወገባችሁን አዙሩት። ትንፋሽ ሳትይዙ፣ ሆድ ሳትስቡ። ክሩ ከተገናኘ ጥሩ ነው። ካልደረሰ፣ ልብንና ስኳርን የሚያስቸግረው የሆድ ስብ ጨምሯል ማለት ነው። የእኔ ግማሽ ቁመት 86 ሴንቲ ሜትር ነው። ወገቤ 104 ነበር። ዛሬ 97 ላይ ነኝ። ክሩን አስቀምጬዋለሁ፤ ሚዛኑ ሳይንቀሳቀስ ክሩ የሚቀርብበት ወር አለ።

ከሁለቱም በላይ ግን ደም ግፊታችሁንና የደም ስኳራችሁን አስለኩ። ቀጭን ሆኖ ግፊት ያለበት ሰው አለ። ወፍራም ሆኖ ሁሉም ልክ የሆነለትም አለ። ሳታስለኩ ራሳችሁን በሽተኛ አታድርጉ፤ ጤነኛ ነኝም አትበሉ።

2. ከየት እንደመጣ ፈልጉ

ብዙ ሰው "ሆዳም ስለሆንኩ ነው" ብሎ ይዘጋዋል። እስኪ ጊዜ ስጡትና አስቡ። ኪሎው መጨመር የጀመረው መቼ ነው? ያኔ ምን ተቀየረ? የእኔ እግሬ ነው፤ ግልጽ ነው። የአንዷ ልጅ መውለድ ነው። የሌላው ከእርሻ ወደ ቢሮ መግባት ነው።

መድኃኒትም አለበት። ለአስምና ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ኦላንዛፒን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮዌት፣ ኢንሱሊንም ጭምር ኪሎ ሊጨምሩ ይችላሉ። የወሊድ መከላከያ መርፌም በአንዳንድ ሴት ላይ እንዲሁ። አደራ፣ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው። ያዘዘላችሁን ባለሙያ "ይህ ነገር ከመድኃኒቱ ይሆን? የሚተካው አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

የእንቅርት ዕጢም አትረሱ። ሥራው ሲቀንስ ሰውነት ይከብዳል፣ ብርድ ይበረታል፣ ድካም አይለቅም፣ ሆድ ይደርቃል። በደም ምርመራ ይታወቃል።

3. ልብስ፦ ዛሬ የሚሆን፣ ዛሬ

ሳጥን ውስጥ ያለውን የድሮ ሱሪ በየሳምንቱ መሞከር አቁሙ። ራሳችሁን የምትቀጡበት ነገር ነው። ወይ ለወንድም ስጡት፣ ወይ አርቃችሁ አስቀምጡት።

ሁለት በደንብ የሚሆን ሱሪ ይበቃል። ሰልባጅ ውስጥ ስትፈልጉ የውስጥ ስፌቱን ገልጣችሁ እዩ። በስፌቱ ትርፍ ጨርቅ ያለው ሱሪ ይሰፋል፤ የሌለው አይሰፋም። ልብስ ሰፊው ጋ ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ። ወገቡ ከኋላ በኩል ላስቲክ ይግባበት። ጭኑ የሚፋተግበት ቦታ ከውስጥ ድርብ ጨርቅ ይለጠፍበት፤ ሱሪ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። ወገባችሁን ደግሞ ቆማችሁ ብቻ ሳይሆን ተቀምጣችሁም ይለካ። ሆድ ስንቀመጥ ይሰፋል። ቆሞ የተለካ ሱሪ ጌም ላይ ሁለት ሰዓት ሲቀመጡበት ሆድ ይቆርጣል።

ቤት ውስጥ ግን ለወሎ ወንድ ሽርጥ የመሰለ የለም። አይጨብጥም፣ አየር ያስገባል፣ ስትቀመጡም ስትነሱም አብሯችሁ ይሄዳል። ሴቶች በድሪያ ያው ናቸው።

ጭን ለጭን ሲፋተግ የሚያቃጥለውስ? ከመውጣታችሁ በፊት ቫዝሊን ቀቡት፤ ወይም ከውስጥ እስከ ጉልበት የሚደርስ ታይት ልበሱ። ደሴ ብርድ ስለሆነ እምብዛም አይታወቅም። ኮምቦልቻ ወይም ባቲ የወረዳችሁ ቀን ይታወቃል። ከሆድ ሥርና ከጡት ሥር ያለውን ቦታ ከታጠባችሁ በኋላ በፎጣ አድርቁት። ቀልቶ፣ አሳክኮ፣ ሽታ ካመጣ ፈንገስ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ጤና ጣቢያ በቅባት የሚድን ነገር ነው። አትፈሩበት።

4. ወንበር

የፕላስቲክ ወንበር ፍርሃት የሚገባው የደረሰበት ብቻ ነው። አንድ ሰርግ ላይ የወንበሩ እግር ተንሸራቶ መሬት ወድቄያለሁ። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ይሄ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አንዱን አንዱ ውስጥ ሰክታችሁ ተቀመጡ። ጥንካሬው በጣም ይጨምራል፤ ማንም ልብ አይለውም። እግሩ የሚከፈተው ሊሾ ላይ ነው። ስለዚህ ምንጣፍ ወይም አፈር ላይ አስቀምጡት። ስትቀመጡ በእጃችሁ ደገፍ ብላችሁ ቀስ በሉ፤ ዘፍ አትበሉ።

ለቅሶና ቡና ላይ ደግሞ ፍራሽ ወይም በርጩማ ይጠብቃችኋል። ግድግዳ ዳር ያዙ። ከፍራሽ ስትነሱ ፊት ለፊት ለመነሳት አትታገሉ። ወደ ጎን ዘንበል በሉ፣ በአራት እግር ሁኑ፣ አንዱን እግር አቁሙ፣ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ተነሱ። ጉልበት ይተርፋል።

ጸሎት ላይም እንዲሁ። መቆም ያቃተው በወንበር መስገድ እንደሚችል ኢማማችሁ ይነግሯችኋል። ቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ያለው ለዚሁ ነው። ጉልበታችሁ እያመማችሁ በሃፍረት ከጸሎት አትቅሩ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

5. መንገድና ታክሲ

ደሴ ዳገት ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ትሆናለች። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ የምታገኟት ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር። ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው ደሴ ላይ ቶሎ ቢያለከልክ አየሩም አለበት። ሁሉን ነገር ኪሎ ላይ አታላኩት።

የእግር ጉዞ ስትጀምሩ ዋናውን አስፋልት ያዙ። ለእግር ለስላሳ ነው፤ ዳገቱም ቀለል ይላል። ከምግብ በኋላ አሥር ደቂቃ። ከዚያ አሥራ አምስት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። በቀን ሃያ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። መካከለኛ ማለት እየሄዳችሁ ማውራት የምትችሉበት፣ መዝፈን የማትችሉበት ፍጥነት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዳገቱን በባጃጅ ወጥቶ ቁልቁለቱን በእግሩ ይወርዳል። ለጉልበት የሚከብደው ግን ቁልቁለቱ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ክብደታችን ጉልበት ላይ ያርፋል። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ገልብጡት። ዳገቱን ቀስ ብላችሁ፣ እየቆማችሁ ውጡ። በየመሐሉ ዞር ብላችሁ የጦሳን ተራራ እዩ፤ ማረፊያ ሰበብ ነው። ስትወርዱ ባጃጅ ያዙ።

ባጃጅ ላይ ሦስተኛ ሰው ሆኖ መግባት ለእናንተም ለጎረቤታችሁም ጭንቅ ነው። ከመግባታችሁ በፊት "የሁለት ሰው እከፍላለሁ" በሉ። ገብታችሁ ከምትጨቃጨቁ ውጭ ሆናችሁ መነጋገር ይሻላል። ሚኒባስ ላይ በጊዜ ሂዱና ጋቢና ወይም የመስኮት ዳር ያዙ። ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ኩርባው ሰውን ሁሉ አንዱን አንዱ ላይ ይጥለዋል። ዳር የያዘ ሰው መስኮቱን ይደገፋል።

6. ጌም

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ። ስለ ጌምና ስለ ኪሎ የሚወራው ሁሉ "ተወው" በሚል ያልቃል። እኔ አልተውኩትም። እግሬ በጄሶ ሳለ ከሰው ጋር ያገናኘኝ ጌም ነው። መተው ሳይሆን አቀማመጡንና ሰዓቱን መቀየር ነው የጠቀመኝ።

ከጌም ቤቱ እንጀምር። ደንቡን ታውቁታላችሁ። ተሸናፊ ይነሳል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። አንድ ቀን ገባኝ። ጎበዝ በሆንክ ቁጥር ብዙ ትቀመጣለህ ማለት ነው። እኔ የኳስ ጌም ላይ ደህና ነኝ። አራት ሰዓት ሳልነሳ የዋልኩበት ቀን አለ። ስነሳ እግሬ አብጧል። ስለዚህ የራሴን ደንብ አወጣሁ። ሁለት ካሸነፍኩ ጆይስቲኩን ለሚቀጥለው አሳልፌ እነሳለሁ። በር ላይ ወጥቼ እቆያለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ጓደኞቼ ተገረሙ። አሁን ግማሾቹ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ተራ ቶሎ ስለሚደርሳቸው።

እንደ ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር ያለ የስልክ የተኩስ ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ሎቢ ላይ፣ ጨዋታው እስኪጀመር እየጠበቃችሁ ቁሙ። ሞታችሁ ጓደኛችሁን እያያችሁ ከሆነም ቁሙ። ለመቆም የተለየ ሰዓት አትመድቡ፤ ጌሙ ራሱ ክፍተት አለው።

አቀማመጥ። ሶፋ ላይ ተንጋልሎ ስልክን ሆድ ላይ ማስደገፍ ደስ ይላል። ግን አንገት ይታጠፋል፣ ሆድ ይጨመቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ የበላችሁት ወደ ላይ ያቃጥላል። ጠረጴዛ ላይ ትራስ አድርጉና ክንዳችሁን አሳርፉበት። ስልኩ ወደ ዓይን ከፍ ይላል። ወንበሩ እግራችሁ መሬት የሚነካበት ይሁን። ጌም ቤት ከሆነ ዝቅ ያለውን ሶፋ ለሌላው ትታችሁ አግዳሚውን ያዙ። ለመነሳትም ይቀላል። ባት ውስጥ ሕመም፣ ሙቀትና እብጠት በአንድ እግር ብቻ ከመጣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ያን ዕለት ጌሙን ትታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

አሁን ዋናው። የሌሊት ፓኬጅ።

ዳታ ሌሊት ስለሚረክስ ሁላችንም ሌሊት እንጫወታለን። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምረን እስከ 10። ጠዋት ሥራ አለ። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት በማግስቱ ረሃቡ ይጨምራል፣ ጥጋቡ ይዘገያል። በተለይ ጣፋጭና ዘይት ያለው ነገር ያሰኘዋል። ይህ የፈቃድ ድክመት አይደለም፤ ረሃብን የሚያዙት ሆርሞኖች ሲዛቡ የሚመጣ ነው። እኔ ምግቤን ምንም ሳልነካ መጀመሪያ የለወጥኩት ይሄን ነው። የሌሊቱን ፓኬጅ ለማውረጃ ብቻ አደረግኩት። ስልኩ አፕዴቱን ሲያወርድ እኔ እተኛለሁ። ጨዋታው ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሆነ። በሁለት ወር ሦስት ኪሎ ወረድኩ። ሌላ ምንም አልለወጥኩም ነበር። የሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል አልልም። ግን አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ብትሉኝ እንቅልፍን እመርጣለሁ፤ ለአዋቂ ቢያንስ ሰባት ሰዓት።

በርጫ ላይ ሆነው የሚጫወቱም አሉ። ጫቱ ለጊዜው ረሃብን ያጠፋል። አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ይቆጠራል። እንቅልፍም አብሮ ይሄዳል። ምርቃናው ሲወርድ ሌሊት ላይ የሚበላውን ታውቁታላችሁ።

መጠጡ ላይ ትንሽ ሒሳብ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢሆን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይሻላል የሚለው የተጨመረ ስኳር በአንድ ጠርሙስ አለፈ ማለት ነው። እጃችሁ አጠገብ ሃይላንድ ውሃ ይኑር። እጅ የሚያነሳው አጠገቡ ያለውን ነው።

ስድብስ? ጌም ቤት ውስጥ "ቦርጫሙ" የሚል አይጠፋም። ማይክ ላይማ ይብሳል። ማይኩ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ድምፁን ዝጉ፣ አትመልሱ። ጌም ቤት ግን ሰውየውን ነገም ታገኙታላችሁ። እኔ የሠራልኝ እንዲህ ነው። ጨዋታው እስኪያልቅ ዝም አልኩ። ከዚያ ለብቻው ጠርቼ "ወንድሜ፣ ስሜን ታውቀዋለህ፤ በስሜ ጥራኝ" አልኩት። አፈረ። በሰው ፊት ብናገረው ግን ለመሳቂያ ሌላ ቃል ይጨምርበት ነበር። የማይገባው ከሆነ ለባለቤቱ ንገሩ። ባለቤት ደንበኛ እንዲሸሽበት አይፈልግም።

ስለ ገጸ ባሕርያቱም አንድ ነገር ልበል። ሁላችንም ያደግንበት ሳን አንድሪያስ (ጂቲኤ) እንደ ፈረንጆቹ በ2004 የወጣ ጌም ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲጄ በርገር ካበዛ ይወፍራል፣ መንገደኛው ይሰድበዋል፣ ጂም ገብቶ ቶሎ ይከሳል። ልጅ ሆኜ ሰውነት እንዲያ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ጤናማው ፍጥነት ነው። ብዙ ሳምንት ደግሞ ምንም የለም። በሌላ በኩል ቴከን 6 ላይ የመጣው ቦብ አለ። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ግን እጅግ ፈጣን ተዋጊ። ወፍራም ሁሉ ቀርፋፋ ወይም መሳቂያ ተደርጎ በሚሳልበት እሱን ያየሁ ቀን ደስ ብሎኛል። እስካሁን የምመርጠው እሱን ነው።

ልጅ ላላችሁ አንድ ቃል። ልጁ ስለወፈረ ጌሙን አትንጠቁት። ጌሙን ስትነጥቁት ሰውነቱ ጥፋት እንደሆነ ነው የሚማረው። የሚተኛበትን ሰዓት አስተካክሉ፣ ለስላሳውን ከቤት አውጡ፣ በቀን አንድ ሰዓት የሚሮጥበት የሚራገጥበት ጊዜ ይኑረው። ወንድሞቹም ጭምር፤ እሱ ብቻ አይሁን።

7. "በሞቴ" ሲባል

ወሎ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ትንሽ መብላት ቀልድ አይደለም። "አፈር ስሆን"፣ "በሞቴ"፣ "አልጣፈጠህም እንዴ?" ይከተላል። ይህ ፍቅር ነው። በፍቅር ላይ በር አይዘጋም። ግን ዘዴ አለው።

ባለቤቷ የምታየው ሳህኑን አይደለም፤ እጃችሁን ነው። እጅ ሲቆም ነው "ብላ" የምትለው። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ቁረሱ፤ እጃችሁ እስከ መጨረሻው ትሪው ላይ ይቆይ። ጉርሻ ከመጣ ተቀበሉ። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ስለሚባል ሁለተኛውም ይመጣል። እሱንም ተቀበሉ። ከዚያ ቶሎ ብላችሁ እናንተ አጉርሱ። ያጎረሰ ሰው ዋጋውን ከፍሏል። ምግቡን አመስግኑ፣ አሠራሩን ጠይቁ። "ስለ ጤናዬ" የሚለውን ቃል የምትፈልጉት በጣም ሲጠብቅባችሁ ብቻ ነው።

ጾምን እንደ ማክሲያ የሚጠብቁ አሉ። አይሠራም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። በዐቢይ ጾም ሽሮው ላይና ምስሩ ላይ የሚንቆረቆረውን ዘይት አስቡት። በረመዳን ደግሞ ሳምቡሳው፣ ከዚያ ጣፋጩ። ማፍጠሪያ ላይ በተምርና በውሃ ጀምሩ፣ ሾርባውን ጠጡ፣ ስገዱ፣ ከዚያ ወደ እራቱ ኑ። ሳምቡሳው አንድ ይሁን። የጾም ወጥ የሚሠራው ሰው ዘይቱን በማንኪያ ይለካ። ከጠርሙሱ በቀጥታ ሲፈስ ማንም መጠኑን አያውቀውም። እንጀራ ጠላታችሁ አይደለም። ከአንዱ እንጀራ ግማሹን ቀንሱና ጎመኑንና ሽሮውን ጨምሩ፤ ይበቃል።

የሚያከሳ ሻይና ኪኒን እያሉ የሚሸጡትን አትግዙ። ውስጡ ያለው አይታወቅም። ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጥ ነው፤ ያወጣው ውሃ ነው።

8. የሰው ወሬ

"ወፈርክ" የሚለው ቃል ከማን እንደመጣ ለዩ። አንዲት እናት "ተመችቶሃል፣ ፊትህ ሞላ" ሲሉ እየመረቁ ነው። ረሃብ ያየ አገር ነው የእኛ። በ1966ም በ1977ም የሆነውን የሚያስታውሱ ሰዎች ከሳ ያለ ልጅ ሲያዩ ይደነግጣሉ። ለእሳቸው መልሱ "አልሃምዱሊላህ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት እማማ?" ነው። ተመስገን የሚልም እንዲሁ። በቃ።

ዘመድ ሆኖ በሰው ፊት ደጋግሞ የሚያነሳ ከሆነ ለብቻው አናግሩት። እኔ የአክስቴን ልጅ "እቱ፣ የምትይው ተጨንቀሽልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በሰው ፊት ስትይኝ ቀኑን ሙሉ ይዞኝ ይውላል። ከፈለግሽ አብረን እንሂድ፤ በእግራችን" አልኳት። አሁን እሑድ እሑድ አብረን እንሄዳለን።

9. ሐኪም ዘንድ

ሳትውሉ ሳታድሩ የምትሄዱባቸው እነዚህ ናቸው። በጥቂት ቀን ውስጥ ኪሎ ዘሎ ሁለቱም እግር ካበጠ። ስትተኙ ትንፋሽ ካጠረ። ውሃ ጥምና ሽንት ከበዛ። ደረት ከጨነቀ። እንቅልፍ ላይ በጣም ታንኮራፋላችሁ፣ ትንፋሻችሁ ይቆማል፣ ቀን ላይ ታንቀላፋላችሁ ከተባላችሁም ተናገሩ። ይህን አብሯችሁ የሚተኛውን ሰው ጠይቁ፤ ራሳችሁ አታውቁትም።

አንድ ጊዜ ጉሮሮዬን አሞኝ ሄጄ ባለሙያው ቀና ብሎ አይቶኝ "መጀመሪያ ቀንስ" ብሎ ሸኘኝ። ጉሮሮዬን አላየውም። እንዲያ ሲገጥማችሁ በትሕትና "ኪሎውን እየተከታተልኩ ነው። ዛሬ የመጣሁት ግን ለዚህ ነው፤ ይዩልኝ" በሉ። የመጣችሁበትን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።

ግፊት ስትለኩም ክንዳችሁ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ልብ በሉ። ለክንዳችሁ ከጠበበ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ያልያዛችሁ በሽታ ያዛችሁ ሊባል ይችላል። አምስት ደቂቃ ዐርፋችሁ፣ ጀርባችሁን ተደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ፣ ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ይለካ። ጨርቁ እየሾለከ ከተፈታ ወይም በግድ ከደረሰ፣ "ትልቁ ካለ እሱን ያምጡልኝ" በሉ። በብዙ ቦታ መሳቢያ ውስጥ አለ።